የስፖርት ወሬና ስመ ጥር ቡድን

ሁለት ቡድኖች ሜዳ በገቡ ጊዜ ዳኛው ለሁለቱም አንድ ፊሽካ ይነፋል፤ ቅርጫቱም ለሁለቱም በእኩል ከፍታ ይሰቀላል። የጨዋታውን ወሬ የሚያቀርቡልን ጋዜጠኞች ግን ይህን ሥርዓት ሲጠብቁ ብዙ ጊዜ አይታይም። አንደኛው ቡድን ዝነኛ ተጫዋቾችን ያሰባሰበ እንደሆነ ወሬው ሁሉ ስለ እርሱ ይሆናል፤ ሌላው ዝነኞቹ መልካቸውን የሚያዩበት መስተዋት ሆኖ ይቀራል። ይህን ሐሳቤን ከድንበር ማዶ ባሉት ጎረቤቶቻችን፣ በደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ቡድን ምሳሌ ላስረዳ።

ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. የአሜሪካና የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድኖች ለፓሪስ ኦሊምፒክ መዘጋጃ የሚሆን የወዳጅነት ግጥሚያ በሎንዶን ከተማ አደረጉ። በአሜሪካ ወገን ሌብሮን ጄምስና ስቴፈን ከሪን የመሳሰሉ፣ ስማቸው በእኛ ከተማ ሕፃናት አፍ ሳይቀር የሚጠራ ተጫዋቾች ተሰለፉ። በዚያን ጊዜ በዓለም ደረጃ አሜሪካ 1ኛ፣ ደቡብ ሱዳን 33ኛ ነበሩ፤ በውርርድ የሚነግዱ ሰዎችም አሜሪካ ከ40 በሚበልጥ ነጥብ ትረታለች ብለው ነበር። ነገሩ ግን እንደታሰበው አልሆነም። ለዕረፍት ሲወጡ ደቡብ ሱዳን 58 ለ42 ትመራ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ 20 ሴኮንድ ያህል ሲቀረውም መሪነቱ በአንድ ነጥብ የእርስዋ ነበር። 8 ሴኮንድ ሲቀር ሌብሮን ጄምስ ኳሱን ይዞ ገስግሶ አገባና አሜሪካ 101 ለ100 አሸነፈች።

በማግስቱ የወጡት ብዙዎቹ ወሬዎች ሌብሮን ቡድኑን ከውርደት አዳነ የሚሉ ነበሩ። የጠየቁትም ጥያቄ «አሜሪካኖቹ ምን ሆነው ነው ሊሸነፉ የደረሱት?» የሚል ነው። ደክሟቸው ነውን? ንቀው ነውን? «እነዚያስ እንዴት አድርገው ሊያሸንፉ ደረሱ?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። በዚያ ጨዋታ በአሜሪካ ተወልዶ ለደቡብ ሱዳን የሚጫወተው ካርሊክ ጆንስ 15 ነጥብ አስቆጠረ፤ 11 ጊዜ ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ ሰበሰበ፤ 11 ጊዜ ደግሞ ለጓደኞቹ የሚገባ ኳስ አቀበለ። ይህን ሥራ ከስመ ጥሮቹ አንዱ ሠርቶት ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ ባልሰማን ነበር።

ስለ ደቡብ ሱዳን ጨርሶ አልተጻፈም ማለቴ አይደለም። ተጽፏል። ነገር ግን የተጻፈው አብዛኛው ስለ ስደት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መጠለያ ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ሐዘኔታም ክፉ አይደለም። ሆኖም አሜሪካዊው ስለ ክንዱና ስለ ብልሃቱ ሲጻፍለት፣ ደቡብ ሱዳናዊው ስለ እንባው ብቻ ከተጻፈለት ሁለቱ በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም። ይህም በጋምቤላ የምንኖረውን በተለይ ይነካናል። ክልላችን ከ300,000 የሚበልጡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠልሏል። ከሩቅ ሆነው ስለ ኢታንግም ሆነ ስለ ፑኝዶ የሚጽፉ ሰዎች የሚጽፉት ስለ እርዳታ እህል ነው፤ በዚያ ያለ ልጅ በግራ እጁ እንደ ቀኙ አድርጎ ኳስ ማንጠሩን ማን ጻፈለት?

እንዴት ሊያሸንፉ ደረሱ ብሎ ለጠየቀ መልሱ ሩቅ አልነበረም። ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር የሆነችው ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኗን የመራው ሉኦል ዴንግ በልጅነቱ ከአገሩ ተሰዶ በግብፅና በሎንዶን ያደገ፣ ኋላም በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ብዙ ዘመን የተጫወተ ሰው ነው። አገሪቱ ጣራ ያለው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ስላልነበራት ቡድኑ በውጭ አገር ይለማመድ ነበር፤ ለወጪውም ዴንግ ከገዛ ኪሱ ያወጣ ነበር። አሠልጣኙ ሮያል አይቪም በዚያው በአሜሪካ ሊግ የተጫወተ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ተሰልፎ ከአፍሪካ ቡድኖች የበላይ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ኦሊምፒክ አለፈ። ይህ ሁሉ ከነፃነት በኋላ በ12 ዓመት ውስጥ የተሠራ ነው። ስለ ሌብሮን ዕድሜ ከሚጻፈው ዓምድ ሩቡን ቢያገኝ ምን ነበረበት?

ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሊል ከተማ ደቡብ ሱዳን ከፖርቶ ሪኮ ጋር ስትገጥም፣ አዘጋጆቹ በስሕተት የሱዳንን ብሔራዊ መዝሙር አሰሙ። ተጫዋቾቹ ግራ ተጋብተው ቆሙ፤ የራሳቸው መዝሙር የተሰማው ቆይቶ ነው። ጥፋቱ የጋዜጠኞች እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የአሜሪካንን መዝሙር የሚሳሳት ይገኛልን? ደቡብ ሱዳን ያን ጨዋታ 90 ለ79 አሸነፈች።

ሐምሌ 24 ቀን ከአሜሪካ ጋር እንደገና ተገናኝተው አሜሪካ 103 ለ86 ረታች። በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው ግን የተሸናፊው ቡድን ተጫዋች ኑኒ ኦሞት ነው፤ 24 ነጥብ አገባ። የተወለደው በኬንያ በስደተኞች ሰፈር ነው። ኦሞት የሚለው ስም ለጋምቤላ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በትምህርት ቤታችን ግቢ «ኦሞት!» ብሎ የተጣራ ሰው ብዙ አቤት ባይ ያገኛል። ታዲያ ስንቶቻችን ይህን አወቅን? የሌብሮንን የጫማ ቁጥር የሚነግሩን ጓደኞች ግን አሉን።

አንዳንዶች «ሕዝቡ የሚፈልገው ዝነኞቹን ነው፤ ጋዜጣም መሸጥ አለበት» ይላሉ። ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። አሜሪካኖቹም ነሐሴ 4 ቀን ፈረንሳይን 98 ለ87 አሸንፈው ወርቁን ስለወሰዱ ምስጋናው ይገባቸዋል። ነገር ግን ዝና የሚሠራው ስም በመደጋገም ነው፤ ደጋግሞ የሚጠራውም ጋዜጠኛው ራሱ ነው። ካማን ማሉዋች በፓሪስ ለደቡብ ሱዳን ሲጫወት ገና ወጣት ነበር። ሰኔ 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ሊግ የተጫዋቾች ምርጫ 10ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ዛሬ ስሙን ሁሉ ይጠራዋል። ቁመቱም ችሎታውም የመጣው ያን ዕለት ነውን?

የአገራችንም የስፖርት ራዲዮ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ስለ እንግሊዝ ክለቦች ሰዓታት ሲያወሩ እንሰማለን፤ በክልላችን የተደረገ ግጥሚያ ግን ውጤቱ ከተነገረ ትልቅ ነገር ነው። እኛስ? የክፍሎች ውድድር በተደረገ ጊዜ ዋንጫ የለመደው ክፍል ሲጫወት ግቢው ይሞላል፤ ሌሎቹ ሲጫወቱ ሜዳው ዳር ያሉት ዛፎች ብቻ ይመለከታሉ።

ስለዚህ የዚህን መጽሔት አዘጋጆች አንድ ነገር እለምናለሁ። በሚመጣው ዓመት የውድድሩ ወሬ ሲጻፍ ዋንጫ ያነሣው ክፍል ፎቶግራፍ ብቻ አይውጣ፤ የመጨረሻ የወጣው ክፍል ተጫዋቾች ስምም፣ እያንዳንዱ ካስቆጠረው ነጥብ ጋር ይታተም። ይህን ለመመዝገብ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። አዘጋጆቹ ከፈቀዱ ደብተሩን እኔ እይዛለሁ።