ስሙ አንድ፣ ሞተሩ ሌላ

በሲ ሪንግ እና በዲ ሪንግ መንገዶች መካከል በሚገኘው አል ሂላል፣ ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ አንድ ነጭ ፕራዶ አቧራ ለብሶ ከቆመ አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የመኪናው ባለቤት ከደሴ የመጣ ጎረቤቴ ነው። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን አሳፍሮ በአቡ ሰምራ ድንበር በኩል ለዑምራ ወደ መካ ሊነዳ አቅዶ ነበር፤ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የበረሃ መንገድ ነው። ከጉዞው በፊት ሞተሩ ሞተበትና ያገለገለ ሞተር ገዝቶ አስገጠመ። አሁን መኪናው ይነሣል፣ ነገር ግን ይንቀጠቀጣል፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱ አይጠፋም፤ በሞተሩ ጎን ተጓዳኝ ሽቦ ያጡ ሶኬቶች ባዶ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። ለሞተሩ የተከፈለው ገንዘብ ለዑምራው የተቀመጠው ነው።

ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገም። መኪናው የ2007 ሥሪት ነው፤ ሞተሩም ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4.0 ሊትር የሆነው 1ጂአር-ኤፍኢ ነበር። የተገዛውም 1ጂአር-ኤፍኢ ነው። ሻጩም ሜካኒኩም በስሙ አልዋሹም። ልዩነቱ ያለው የቫልቮችን የመከፈቻና የመዘጊያ ጊዜ በሚያስተካክለው፣ ቪቪቲ-አይ በሚባለው ሥርዓት ላይ ነው። በ2007ቱ ፕራዶ ይህ ሥርዓት አየር በሚያስገቡት ቫልቮች በኩል ብቻ ነበር፤ በ2009 ብቅ ባለው ተከታዩ ፕራዶ ግን ጭስ በሚያስወጡትም በኩል ተጨመረ። የአሮጌው መኪና ኮምፒውተር ይህን ተጨማሪ ክፍል አያውቀውም። ጎረቤቴ ግን «ወንድሜ፣ አዲስ ስለሆነ ከድሮው ይሻላል» ተብሎ ከዋጋው በላይ ጨምሮ ከፈለበት። የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ ለሌላ መኪና።

ይህ ሰው ስለ መኪና የማያውቅ አይደለም። ደሴ እያለ ለዓመታት ሚኒባስ ነድቷል። እንዲያውም ስሕተቱ ከዚያው ከልምዱ የመጣ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን ስለ ሞተር መቀየር የምናውቀው በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል ዘመን የተማርነውን ነው። እነዚህ 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር የሆኑ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ነዳጅ የሚረጨው ፖምፓቸውም በአብዛኛው ሜካኒካል ስለሆነ ኮምፒውተር አይጠይቁም። 3ኤሉ ያረጀበት ባለ ሚኒባስ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይወርዳል፣ 5ኤል ያገኛል፣ ካምቢዮው ይቀበለዋል፣ ጥቂት ሽቦ ይያያዛል፣ መኪናውም ተመልሶ ሥራ ይገባል። ያኔ «ይገባል ወይ?» የሚለው በቂ ጥያቄ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት 1ኬዲና 2ኬዲ ግን በኮመን ሬል ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ኢንጀክተር በኮምፒውተሩ ላይ መመዝገብ ያለበት የራሱ ኮድ አለው። በብዙ መኪኖችም የቁልፉ ቺፕ ከኮምፒውተሩ ጋር ካልተዋወቀ ሞተሩ አይነሣም። ብረቱ ስለገባ ብቻ ተስማማ የሚባልበት ጊዜ አልፏል፤ እኛ ግን አሁንም በሶማሌ ተራ ጥያቄ የሰናዒያን ሞተር እንገዛለን።

ይበልጥ ያሳዘነኝ ደግሞ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው፦ የመጀመሪያውን ሞተር ምን ገደለው? በዶሃ በጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ቀን፣ ውስጡ በዝገት የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ ማራገቢያ ሞተሩን ያግለዋል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ቴስታታው ራሱ ይጣመማል። ከዚያ ሞተሩ ወርዶ ይጣላል፤ ገዳዩ ግን መኪናው ውስጥ ይቀራል። ለጎረቤቴ መልሰው የገጠሙለት የድሮውን ራዲያተር ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው ብዙ መኪኖች ደግሞ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በዚያው ራዲያተር ውስጥ ስለሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ብረት ከተበሳ ውኃና ዘይት ተቀላቅለው ካምቢዮውንም ይዘውት ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ ቢስተካከልለት ኖሮ እንኳ ልጆቹን ይዞ በረሃ መካከል ይቆም እንደነበር አልጠራጠርም።

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ የሚሠራ ሥራ አለ። የውኃ ፖምፓው፣ ቴርሞስታቱ፣ ጓርኒሲዮኖቹ፣ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው የዘይት መከልከያ ጎማ ያኔ ቢቀየሩ የእጅ ዋጋቸው እጅግ ትንሽ ነው። ያ የኋላ ጎማ ሞተሩ ከገባ በኋላ ማንጠባጠብ ቢጀምር ግን እሱን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። እንደ 1ኤችዜድ ያለ፣ ሰንሰለት ሳይሆን ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ፣ የሻጩን ቃል አምኖ አሮጌ ቺንጋ ይዞ መግባት ድፍረት ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩት ሴንሰሮች ደግሞ ደኅና ከሆኑ ከራሱ ከመኪናው የድሮ ሞተር ቢወሰዱ ይመረጣል፤ ሽቦው የሚያውቃቸው እነሱን ነውና።

ዕቃ ሲገዛ መመሪያው ቁጥር እንጂ መልክ አይሁን። በቶዮታ ዕቃ ቁጥር ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 16100 የውኃ ፖምፓ፣ 11115 የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ለየትኛው ሞተርና ሥሪት እንደሆነ የሚለዩት ቀጣዮቹ አምስት ናቸው። እነዚህ የሚገኙት በመኪናው የሻንሲ ቁጥር የዕቃ መዝገብ ሲፈለግ ነው፤ ይህም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የሞተር ቁጥሩም በኢስቲማራው ላይ የተጻፈ በመሆኑ፣ ከመግዛት በፊት የትራፊክ መምሪያውን መጠየቅ ከኋላ ጣጣ ያድናል።

ስለ ሻጩም አንድ ነገር ልበል። በኢስላማዊው የንግድ ሕግ ገዢ የተደበቀ ነውር ሲያገኝ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ኺያሩል ዐይብ ይባላል። አንዳንድ ነጋዴዎች «ከነነውሩ ሸጫለሁ» በሚል ቃል ይህን መብት ለመዝጋት ይሞክራሉ። በሐነፊዮች ዘንድ ይህ ቃል ሚዛን አለው፤ በሻፊዒዮች ዘንድ ግን ሻጩ እያወቀ ለደበቀው ነውር መሸሸጊያ አይሆነውም። እኔ ይህን ምዕራፍ ተምሬ፣ ተፈትኜም አልፌያለሁ፤ ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለራሴ መኪና ካምቢዮ ስገዛ ደረሰኝ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ካምቢዮው በሁለተኛው ወር ሲሰበር የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ኳታርም በ2008 የወጣ ቁጥር 8 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አላት። ነገር ግን የሞተሩ ቁጥርና ሥሪት ያልተጻፈበት፣ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ደረሰኝ ይዞ ማን ዘንድ ይሄዳል?

ጉዳዩ የዶሃ ብቻም አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ አገር ቤት ያሉት አሮጌ መኪኖች ከቀድሞው የበለጠ ዕድሜ እንዲሰጡ ይጠበቅባቸዋል። «ሞተር ፈልግልኝ» የሚል ስልክ ከዘመድ የማይደወልለት ጥቂት ሰው ነው። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው አንሥቶ እንዲልክ ሳይጠይቁ የሞተሩን ስም ብቻ ሰምቶ መግዛት፣ የጎረቤቴን ኪሳራ በመርከብ ጭኖ መላክ ነው።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አብረን ቁጭ ብለን የሻንሲ ቁጥሩን ከኢስቲማራው ቀዳን። ሻጩ ሞተሩን ወስዶ ግማሹን ዋጋ እንደሚመልስ ተናግሯል፤ ጎረቤቴ ገና መልስ አልሰጠውም። ራዲያተሩ ግን ወርዶ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል።