ሁለት አፍ ያለው ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ጄኔሬተር ገዛና «ጋሼ፣ ይምጡና ይመርቁልን» ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። ኤሌክትሪሺያን የተባለው ልጅ በሁለቱም ጫፉ ወንዴ ሶኬት ያለው ገመድ ይዞ ቆሟል። አንዱን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሊሰካ!

«ቼንጅ ኦቨሩስ?» አልኩ።

«ምን ያደርጋል ጋሼ፣ ወጪ ነው እኮ!»

ወጪ! ለመጋረጃው ያልሳሳ ቤት! ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ኤሌክትሪክ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው አትበሉኝ። ዋናውን ብሬከር ማጥፋት የተረሳ ዕለት የጄኔሬተሩ 220 ቮልት በቆጣሪው በኩል ተመልሶ መንገድ ይወጣል። ትራንስፎርመር ደግሞ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም፤ 15,000ውን ወደ 220 ሲያወርድ የኖረው፣ ያንን 220 መልሶ ወደ ሺዎች ሊሰቅለው ይችላል። ምሰሶው ላይ ደግሞ «መስመሩ ጠፍቷል» ተብሎ የወጣ፣ ልጆች ያሉት ሰው አለ። ለእኛው መብራት እኮ ነው የወጣው!

ሞተሩ ተነሳ፣ አምፖሉ በራ ብሎ ማጨብጨብ ሙከራ ነው እንዴ? ወደ ውጭ የሚያልፍ አለመኖሩን ማን ለካ?

ጎረቤቴ ተቀይሞኛል። ገመዱን ይዤበት መጥቻለሁ፤ ቼንጅ ኦቨር እስኪያስገባ አልመልስም።