የመጀመሪያዋ መርከባችሁ ትንሽ ትሁን

ባልና ሚስት ወይም አባትና ልጅ አብረው የሚሠሩት ነገር ሲፈልጉ፣ እየተገጣጠመ የሚሠራው ባለ ሸራ የፕላስቲክ መርከብ መልካም ምርጫ ነው። ብዙዎች ግን በካርቶኑ ሥዕል ተማርከው ትልቁን ይገዛሉ፤ መርከቢቱም ሳታልቅ ቁም ሣጥን ላይ ትቀራለች።

ስለዚህ አስቀድማችሁ መጠኑን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1869 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራችው ከቲ ሳርክ ከጫፍ እስከ ጫፍ 85 ሜትር ገደማ ናት። በ1/96 መጠን ስትሠራ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ገመዷም ብዙ ምሽት ይወስዳል። በ1/350 ግን 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ለጀማሪ ቁርጥራጯ ጥቂት፣ ገመዷም ያልበዛ ትሻላለች።

ቁርጥራጮቹን በሳሙናና በውኃ እጠቡ። ሳታጣብቁ ገጥማችሁ ሞክሩ። የሚጣበቀውን ጠርዝ ሳትነኩ ቀለም ቀቡ። ሙጫው ፕላስቲኩን እያሟሟ ስለሚያያይዝ ጥቂት ይበቃል፤ መስኮትም ክፈቱ። ተራው የመርከቧ አካል፣ ወለሉ፣ ምሰሶው፣ በመጨረሻም ገመዱ ነው። ገመዱን ከመካከል ወደ ውጪ፣ ከታች ወደ ላይ ሥሩ፤ አንዳችሁ ክሩን ስትይዙ ሌላችሁ ቋጥሩ።

ትዕግሥት ሲያልቅ ሥራውን አቁማችሁ ሻይ ጠጡ። የተሰበረ ምሰሶ በሙጫ ይያያዛል፤ በንዴት የወጣ ቃል ግን ሙጫ የለውም።