ስለ ሰርቨር ራም መለወጥና ስለ አስመጪዎች ኀላፊነት

ቀድሞ የንግድ ቤት ምስጢር የሚጠበቀው በትልቅ መዝገብና በብረት ካዝና ነበር። ዛሬ ግን የዕቃው ቆጠራ፣ የዱቤው ዝርዝር፣ የዲክላራሲዮኑ ቅጂና ከባንክ ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ የሚያርፈው፣ በጽሕፈት ቤታችን ጥግ በብረት መደርደሪያ ላይ በተሰካው ሰርቨር ውስጥ ነው። ካዝናውን ማታ ማታ በገዛ እጁ የሚቆልፍ ነጋዴ፣ ይህን መሣሪያ ግን ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ተከፍቶ ሳያየው ዓመታት ያልፋሉ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ መሣሪያ አንድ ትንሽ ክፍል፣ ማለትም በገበያ «ራም» እየተባለ ስለሚጠራው ነው። ነገሩ የባለሙያ እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ ኪሳራው የሚወድቀው በነጋዴው ላይ ነውና።

አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ የሆነ ወዳጄ ከደረሰበት ነገር ልነሣ። በሰርቨሩ ፊት ለፊት ያለው ሰማያዊ መብራት ወደ ብርቱካንማ ተለወጠ። ሒሳብ ሹሙ አይቶ ለባለሙያው ነገረ፤ ባለሙያውም መሣሪያውን አጥፍቶ ቢያስነሣው መብራቱ ለጊዜው ስለ ተመለሰ «ደኅና ነው» ብሎ ሄደ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ የወሩ ሒሳብ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰርቨሩ በሥራ ሰዓት ቀጥ አለ። ባለሙያው ተመልሶ መጥቶ ጉዳቱ ከራም መሆኑን ዐወቀና፣ ለተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሆን ራም ከሱቅ ገዝቶ ሰካበት። መሣሪያው አልነሣም አለ። በዚህን ጊዜ «ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል፤ አዲስ ሰርቨር መግዛት ነው» የሚል ፍርድ ተሰጠ፤ ፕሮፎርማም ተጠየቀ። በእነዚያ ቀኖች ሁለት ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቆሞ ኪራይ ይቆጥር ነበር፤ ትራንዚተሩ የሚፈልገው ኢንቮይስና የዕቃ ዝርዝር እዚያው በቆመው መሣሪያ ውስጥ ነበርና። በአራተኛው ቀን ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ የተበላሸውንና በባዕድነት የገባውን ራም ሁለቱንም አወጣ። ሰርቨሩም በቀሩት ራሞች ተነሥቶ ሥራውን ቀጠለ። መሣሪያው ባልታመመው በሽታ ሲታከም ሰንብቶ ነበር።

እንዲህ ያለው ስሕተት የሚመጣው «ራም ሁሉ አንድ ነው» ከሚል አሳብ ነው። የሰርቨር ራም ግን ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር ራም በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ስሕተት አራሚ ነው፤ በዲዲአር 4 ላይ ለእያንዳንዱ 64 ቢት መረጃ 8 ተጨማሪ ቢት ይዞ፣ አንድ ቢት ቢሳሳት ያርመዋል፣ ሁለት ቢሳሳቱ ደግሞ ያስታውቃል። አንድ ሺህ ብር በስሕተት ወደ ዘጠኝ ሺህ ሳይለወጥ እንዲያድር የሚጠብቀው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ በብዙዎቹ ሰርቨሮች የሚገባው ራም ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ልዩ ክፍል አለው፤ በዚህ ምክንያት ይህ ክፍል ካለው ጋር የሌለው በአንድ ሰርቨር ውስጥ አብሮ አይሠራም። ልዩነቱ በራሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይታወቃል። ዲዲአር 4 በሚባለው ትውልድ ላይ ከፍጥነቱ ቁጥር በኋላ ከሰረዙ ቀጥሎ የሚጻፈው ፊደል «አር» ቢሆን ይህ ክፍል ያለው የሰርቨር ራም ነው፤ «ኤል» ቢሆን ብዙ መጠን ለሚሸከሙ ሰርቨሮች የተሠራ ነው፤ «ኢ» ቢሆን ስሕተት ያርማል እንጂ አስተላላፊው ክፍል የለውም፤ «ዩ» ቢሆን የተራው ኮምፒዩተር ነው። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ሁለቱም 288 እግር አላቸው፤ የመሐሉ ቁርጥ ቦታ ግን ይለያያልና በጉልበት መግፋት ሰሌዳውን መስበር ነው።

ብርቱካንማው መብራት እንዳይናቅ የምለው በግምት አይደለም። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በጉግል ሰርቨሮች ላይ ያደረጉት ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከራሞቹ ከመቶ 8 በላይ የሚሆኑት ስሕተት እንደሚያሳዩ፣ አንድ ጊዜ ስሕተት ያሳየው ራም ደግሞ በዚያው ወር ውስጥ እንደ ገና የማሳየቱ ዕድል ከጤነኛው እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ አጥፍቶ ማስነሣት ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው።

መለወጡስ ከባድ ነውን? አይደለም፤ ሥርዓት ብቻ ይፈልጋል። በአገራችን በብዙ ቢሮዎች የሚገኘውን ዴል ፓወርኤጅ አር 740 እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ 24 የራም ቦታዎች አሉት፤ 12ቱ ለአንደኛው ፕሮሰሰር፣ 12ቱ ለሁለተኛው ናቸው። ሁለተኛው ፕሮሰሰር ከሌለ የእርሱ 12 ቦታዎች አይሠሩም፤ ይህን ሳያውቁ ራም እየሰኩ የሚደክሙ ጥቂቶች አይደሉም። አስቀድሞ ነጭ መያዣ ያላቸው ቦታዎች፣ ቀጥሎ ጥቁሮቹ ይሞላሉ። የትኛው ራም እንደ ታመመ የመሣሪያው መዝገብ ራሱ የቦታውን ስም ጠርቶ ይጽፈዋልና፣ ነጋዴው ባለሙያውን «መዝገቡን አሳየኝ» ለማለት ማፈር የለበትም። ከዚያ በኋላ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰዳል፤ ሰርቨሩ በሥርዓት ይዘጋል፤ የኤሌክትሪኩ ገመድ ሁለት ከሆነ ሁለቱም ይነቀላል (አንዱን ብቻ ነቅሎ ክዳን የሚከፍት ሰው አጋጥሞኛል)። መሣሪያው በሐዲዱ ላይ ተስቦ ይወጣል፤ ሠራተኛው የሰውነቱን ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ የሚያወርድ አንባር በእጁ ያስራል፤ የአየር ማስተላለፊያው ሽፋን ይነሣል። የራሙ መያዣዎች በሁለቱም ጫፍ ወደ ውጭ ሲገፉ ራሙ ይነሣል፤ አዲሱም ቁርጡ ከቁርጡ ገጥሞ፣ መያዣዎቹ ራሳቸው ቀጭ ብለው እስኪዘጉ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይጫናል። ጥርጣሬ ካለ የታመመውን ራም ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ ማየት ነው፤ ስሕተቱ ከራሙ ጋር ከሄደ ራሙ፣ በቦታው ከቀረ ግን ቦታው ወይም ፕሮሰሰሩ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። አዲስ ራም የገባበት ሰርቨር መጀመሪያ ሲነሣ ራሞቹን እየፈተነ ብዙ ደቂቃ ዝም ሊል ይችላል። በዚያን ጊዜ «ሞተ» ብሎ ኤሌክትሪክ መቁረጥ አይገባም።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ አስመጪዎች ልመለስ። ሰርቨር ስናስመጣ ጥቂቶቻችን ብቻ ነን መለዋወጫውን አብረን የምናዝዘው። መኪና ያለ ፍሬንና ያለ ፊልትሮ መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴ በገበያው እንደማይከበር ሁላችን እናውቃለን፤ ለሰርቨር ግን ይህን ነውር አላደረግነውም። ገዢው ራም ሲጠይቅ «ይታዘዝልሃል» እንለዋለን። ዕቃው ከውጭ እስኪደርስ የእርሱ ንግድ በአንድ እግሩ ይቆማል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው መሣሪያ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደ ከበደ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። በዚህም ላይ የዓለምን ራም አብዛኛውን የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ሦስቱ ናቸው፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ፍላጎት ስለ በዛ በ2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጨረሻ ላይ ዋጋው በኃይል ናረ። ስለዚህ በአንድ ራም ምክንያት ሙሉ ሰርቨር ማስለወጥ ለገዢው ኪሳራ፣ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ ብክነት ነው።

ያገለገለ ራም መግዛት ይገባል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ከባድ የገንዘብ እጥረት ካለ አልቃወምም፤ ነገር ግን ሻጩ ቢያንስ ለአንድ ቀን አስፈትኖ፣ ስሕተት ከተገኘም ለመቀበል በጽሑፍ ካልተስማማ መተው ይሻላል። ወረቀቱ የተላጠበት ራም ግን በነጻም ቢሰጥ አይወሰድ። «ሁሉን በውጭ ባሉ የተከራዩ ሰርቨሮች ላይ ማስቀመጥ ይሻላል» የሚሉም አልታጡም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደረሰኝ መቁረጥ የማይቆምበት ነጋዴ ቢሆን ይሞክረው።

ወዳጄ አሁን የሰርቨሩን ሞዴል፣ የራሞቹን ቁጥርና ዓይነት በአንድ ወረቀት ጽፎ በመሣሪያው ክዳን ላይ ለጥፏል፤ አንድ ትርፍ ራምም በማኅተሙ እንዳለ ካዝናው ውስጥ አኑሯል። ሰርቨር የሚሸጡ ባልደረቦቼም በሽያጭ ደረሰኛቸው ላይ የራሙን ዓይነት በሙሉ እንዲጽፉ፣ በመጋዘናቸው የትኛውን ሞዴል ራም እንደሚይዙም ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በየሩብ ዓመቱ እንዲያስታውቁና ዝርዝሩ በዚህ ጋዜጣ እንዲወጣ አሳብ አቀርባለሁ። የእኔ ቤት የመጀመሪያውን ዝርዝር በሚመጣው ሳምንት ያስገባል።