ሸክምና አሸካከም

ሞጆ የጭነት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ኮንቴይነር በደረቅ ወደቧ ያርፋል፤ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ የሚወስዱት መንገዶችም የሚለያዩት እርሷ ላይ ነው። መኪናን የሚያጎብጠው የጭነቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን አጫጫኑም እንደ ሆነ እዚህ ሕፃን ሳይቀር ይነግራችኋል። ይህን የምታውቅ ከተማ ግን የሴት ልጅ ደረት ፊት ስትቆም ዕውቀቷን ትረሳዋለች።

ትልቅ ጡት ያለኝ ሴት ነኝ። ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል። በነዚያ ዓመታት በጠራራ ፀሐይ ነጠላ ደርቤ፣ ትከሻዬን ወደ ፊት ሰብሬ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ከሥራ ወደ ቤት ተመላልሻለሁ። ከመንገዱ ዳር የሚወረወረውን ለከፋ በመጉበጥ የማመልጠው ይመስለኝ ነበር። አላመለጥሁም፤ ያተረፍሁት የአንገትና የጀርባ ሕመም ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሰልባጅ የሚሸጡ እናት ጡት ማስያዣ ስመርጥ አዩኝ። ሜትራቸውን አንሥተው ከጡቴ ሥር ዙሪያዬን ለኩኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ክብደት ለማንገቻ ብቻ ለምን ትሰጫለሽ? መታጠቂያው ይሸከምልሽ እንጂ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አብዛኛውን ክብደት መያዝ ያለበት ከጡት ሥር የሚዞረው መታጠቂያ ነው፤ ማንገቻው ትከሻን የሚቆርጥ ከሆነ ልኩ አይደለም። ለስምጥ ሸለቆ ሙቀት ደግሞ ላብ የሚመጥ ጥጥ መልበስ፣ ከጡት ሥር ያለውን ቆዳም ደረቅ አድርጎ መጠበቅ ያሻል። ሕመሙ በዚህ ካልቀለለ ሐኪም ማማከር ነው፤ ጡትን በቀዶ ሕክምና መቀነስም የታወቀ ሕክምና ነው፤ ምርጫው ግን የባለቤቲቱ ብቻ ይሁን።

በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሦስት ሴቶች ሁለት የወንድ ስፖርተኞች መደገፊያዎችን አንድ ላይ ሰፍተው የሩጫ ጡት ማስያዣን ፈጠሩ። ልብሱን ለገላቸው አበጁት እንጂ ገላቸውን አልወቀሱም። እኛ ግን ወቀሳ ይቀናናል። የጡት መጠን ከዘር፣ ከሰውነት ውፍረት፣ ከሆርሞንና ከእርግዝና የሚመጣ ነው፤ የጠባይ ምልክት አይደለም፤ የወተትን ብዛት እንኳ አይወስንም።

የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር አለ። ቋንቋችን ከሃዲን «የእናት ጡት ነካሽ» ብሎ ይረግማል፤ «የጡት ልጅ» በሚለው ወግም ባዳን ዘመድ ያደርጋል። ታዲያ ጡትን እንዲህ ያከበረ አንደበት መንገድ ላይ በምን አፉ ያፏጫል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል። በመንገዱ ላይ ግን ከአዋጅ በፊት ጨዋነታችን ሊደርስ ይገባ ነበር።

ዛሬ ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ለከፋው አልቀረም፤ ነገር ግን ነውሩ የተናጋሪው እንጂ የእኔ እንዳልሆነ ዐውቄአለሁ። ጀርባዬም አርፏል። አንቺም እኅቴ፣ ነጠላሽን ለወግሽና ለጌጥሽ ልበሺው፤ መደበቂያሽ ግን አይሁን።