ገና ከምድጃው ይጀምራል

ገና ታኅሣሥ 29 ይከበራል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች በኋላ ባለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ላይ ይውላል። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም የሚፈታበት በዓል ነውና በአዲስ አበባ፣ በሜክሲኮና በቂርቆስ ሰፈር ቤቶች ዝግጅቱ ከማድቤት ይነሣል። ዋናው ሥራ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ነው፦ በደቃቁ ተከትፎ፣ ቅቤው ሳይገባ፣ ውኃ ጠብ እየተደረገለት በዝግታ ይቁላላል። ሰዓታት ይፈጃል፤ በችኮላ የተሠራውን ወጥ ቅመም አያድነውም። ዶሮዋ በ12 ብልት ትወጣለች፤ ፈረሰኛው ብዙ ጊዜ ለአባወራው ይቀመጣል። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይጋገራል፤ በኮንዶሚኒየም የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሰሉን ተክቶታል፣ ሽታው ግን ዛሬም ደረጃውን ያውደዋል። ቅርጫውን ጎረቤት ተሰባስቦ ይካፈላል፤ ሥጋ ቤት ተሰልፎ ኪሎ ከመግዛት የሚበልጠውም በዚህ ነው። ከውጭ የመጣው ብልጭልጭ የፕላስቲክ ዛፍ ልጆችን ያስደስታል፤ ቢቀር ግን በዓሉ አይጎድልም። ቄጠማው ሳይጎዘጎዝና ቡናው ሳይፈላ ከቀረ ግን እንግዳም ያስተውለዋል።