አብሽር አትበሉኝ

ሰሞኑን አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ አንድ ሰዓት ሙሉ አማረረኝ። ልጁ ለአንድ ዓመት የተማሪ ልውውጥ አሜሪካ ሄዳ ከፈረንጅ ቤተሰብ ጋር ነው የምትኖረው። የሰጧት ክፍል ምድር ቤት ነው። እራት ፀሐይ ሳትጠልቅ በ11 ሰዓት ይቀርባል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ «ብዪ» የሚሏት አንዴ ብቻ ነው፤ አፍራ «ጠግቤያለሁ» ካለች ሳህኑ ይነሳል! «ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላቸው? የሰው ልጅ እኮ ናት» አለኝ። አዘንኩለት። አባት ነው።

ደሜ የፈላው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ይሄ ሰው እኮ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ ለተማሪ የሚያከራያቸው ስድስት ክፍሎች አሉት።

ክፍሎቹን አይቻቸዋለሁ። ጓሮ ውስጥ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ፣ ኮርኒስ የሌላቸው፣ መስኮት ተብሎ የተተወው ቀዳዳ በካርቶን የተደፈነ። በአንዷ ሦስትም አራትም ልጅ ያድራል። ወለሉ አፈር ነው። ጥግ ላይ ጄሪካን፣ ጥላሸት የለበሰ ድስት፣ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ስንቅ። ሽንት ቤት? ከአጥሩ ማዶ ባሕር ዛፍ አለ።

የሚያድሩት እነማን ናቸው? ከወሎ ቦረና ገጠር ቀበሌዎች 8ኛ ክፍልን ጨርሰው ዘጠነኛ ለመማር የወጡ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች። ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርደው ቆላ የመጣው የማሽላ እንጀራ፣ ከደንቆሮ ጫካ ወገን ከደጋው የመጣው የገብስ ቂጣና በሶ ተሸክሞ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት ስንቅ በትከሻ ወደ ከተማ። በእግር። ለዚህ ልጅ ውጭ አገር ማለት መካነ ሰላም ነው። ቋንቋው ያው አማርኛ ነው፤ ግን «ባላገር» ተብሎ የተሳቀበት ቀን አማርኛው ራሱ የባዕድ ይሆንበታል።

እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። 1987 ዓ.ም.፣ አምስት ሆነን በአንድ ክፍል። እሑድ የመጣው እንጀራ ረቡዕ ይሻግታል። አረንጓዴውን በጥፍራችን እንፍቅና የቀረውን ፀሐይ ላይ አስጥተን ድርቆሽ እናደርገዋለን። የአከራያችን ዶሮዎች ከቀደሙን እሱም የለም። እትዬ ክፉ ሴት አልነበሩም። ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የኩራዝ ጭስ ግድግዳቸውን ያጠቁርባቸዋል። በሩን ከፍተው ይገቡና አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ እፍ! የምናነበው መስመር ላይ ሳንጨርስ ጨለማ። እስከዛሬ የነጭ ጋዝ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያቺ «እፍ» ናት።

ይሄን ስናገር ምን እባላለሁ? «አብሽር! ሰው ያደረገህ እኮ ያ ችግር ነው።»

የወሎን «አብሽር» እወዳታለሁ። ለቅሶ ቤት ስትባል፣ ሰብል በበረዶ ሲመታ ስትባል ቁስል ታሽራለች። አሁን ግን አፍ ማዘጊያ ሆናለች። እኔን ሰው ያደረገኝ የተሻገተ እንጀራ ነው እንዴ? ሻጋታ ማንን አስተምሮ ያውቃል? ከአምስታችን 12ኛ ክፍል የደረስነው ሁለታችን ነን። ሦስቱስ? እነሱንም ያው ችግር ነክቷቸዋል። ለምን አላጠነከራቸውም? የወደቀ ሰው ማይክ አይሰጠውም፤ በዓል ላይ ቆሞ «በእግሬ ተመላልሼ ነው የተማርኩት» የሚለው ያለፈው ብቻ ነው። እኛ ያለፍነው እናወራለን፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ የሚቀጥለው ልጅ ያንኑ ጉድጓድ ይወርዳል። ይባስ ብሎ ጉድጓዱን የምናከራየው እኛው ነን!

ከጎናችን ባለው ክፍል ሦስት ሴት ልጆች ነበሩ። በራቸው መቀርቀሪያ አልነበረውም፤ ማታ ማታ ከውስጥ ድንጋይ አንከባለው ይደግፉት ነበር። አንድ ሌሊት የአከራያችን ዘመድ የሆነ ጎረምሳ በሩን ሲገፋ ድንጋዩ አፈሩን እየፋቀ ሲንሸራተት ሰማሁ። ጮኹ፤ ሄደ። ጠዋት ሽማግሌ ተጠራ። ልጁን የጠየቀው አልነበረም። «ከተማ የወጣች ሴት ምን ጠበቀች?» ተባለ። አንደኛዋ ለጥምቀት ወደ ቤቷ እንደሄደች ቀረች። ከዓመታት በኋላ ጅዳ መግባቷን ሰማሁ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ልጆቻችን ለምን ወደ ዓረብ አገር ይጎርፋሉ?» እያልን ስብሰባ እንጠራለን፣ ደላላ እንረግማለን። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተጠርዞ ሲመለስ ደረታችንን ደቃን። ጥሩ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ከሠራተኛዋ የጠየቀው የትምህርት ደረጃ ስንት ነበር? 8ኛ ክፍል። የገጠሯ ልጅ መንገድ ለሁለት የሚከፈለው ልክ እዚያው ላይ ነው። አንዱ መንገድ መቀርቀሪያ ወደሌለው ኪራይ ቤት ይወስዳል፤ አባት ይከፍላል። ሌላው ወደ ጅዳ ማድ ቤት፤ እሷ ትልካለች። መካነ ሰላም ላይ በሰላም አድራ መማር ያልቻለችው ልጅ ሌላ አገር የሰው ቤት ስትጠርግ ብታድር የሚገርመው ምኑ ነው? ደላላውን ተዉትና እስቲ በሩን እዩ!

«ወሎ እንግዳ ተቀባይ ነው» ይባላል። ነው። እኔም ስባል ደስ ይለኛል። ታዲያ ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር የመጣው ልጅ እንግዳ አይደለም? ድሮ ሼሁን ፍለጋ አገር አቋርጦ የመጣ ደረሳ ከመንደሩ ማዕድ ይካፈል ነበር። የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ቁራሽ ይሰጠው ነበር። ያንን ዘመን ላሞግስ አይደለም፤ የውሻ ንክሻ ጠባሳ ያለባቸውን ካህናት አውቃለሁ። ግን እስላሙም ክርስቲያኑም የተማሪ ነገር ይመለከተኛል ይል ነበር። ዛሬ ያው ልጅ ደብተር ይዞ ሲመጣ ስሙ ተለወጠ። «ተከራይ» ሆነ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ያ «አንጀት የለውም» ያለው አገር በልውውጥ ለሚመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምን ደንብ እንዳለው ያውቃል? ልጅቷ ከመግባቷ በፊት ቤቱ ታይቷል። 18 ዓመት የሞላው የቤቱ ሰው ሁሉ የወንጀል መዝገቡ ተጣርቷል። በየወሩ እንዴት ነሽ የሚላት ሰው ተመድቧል። አስተናጋጁ ቤተሰብ ክፍያ አይቀበልም። የራሷ አልጋ ሊኖራት ግድ ነው፤ ተነፍቶ የሚተኛበት ወይም ከሶፋ የሚዘረጋ አይቆጠርም። ደንቡ አልጋዋን ሳይቀር ቆጥሯል! የኔ ትምህርት ቤት የተወለድኩበትን ቀበሌ መዝግቧል፣ የአያቴን ስም መዝግቧል። ማታ የት እንደማድር ግን አራት ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ የለም።

«አቅም የለንም» አትበሉኝ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተጓጉዞ፣ አልጋ ተሰጥቶት፣ ምግብ ቀርቦለት ተፈተነ። ለምን? እንዳይኮርጅ። እንዳይኮርጅ አልጋ ተገኘ፤ እንዲማር ሲሆን አልጋ ጠፋ? ያለፈው 3.3 በመቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ወዲያው «ትውልዱ ሰነፍ ነው» ተባለ። የጣላቸው ኪራይ ቤቱ ብቻ ነው አልልም፤ መምህር የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ከዚያም ጦርነት አለ። ግን ከኩራዝ እስከ ስልክ ባትሪ በጨለማ ያነበበን ልጅ ሰነፍ ለማለት ዓይንን በጨው መታጠብ ያስፈልጋል።

ሲፈለግ ይቻላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ነዋሪ ጋር ሆኖ ከሩቅ የመጣን ተማሪ በቃል ኪዳን ለአንድ ቤተሰብ አስረክቧል። የሚያስመሰግን ነው። ግን ያ ተማሪ ማደሪያና ካፌ ያለው የ20 ዓመት ጎልማሳ ነው። መካነ ሰላምም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት፤ እዚያ ያለው ወጣት አልጋ አለው። ከግቢው አጥር ውጭ ያለው የ14 ዓመት ልጅስ? ማን ነው የሱ ቃል ኪዳን? ለድንኳንና ለድስት ዕድር ያለው ከተማ፣ ለአንድ ማታ መብራትና ለአንድ መቀርቀሪያ መሰብሰብ አቃተው? አላቃተውም። አከራዩ እዚያው ዕድር ውስጥ ዳኛ ስለሆነ፣ ገንዘብ ያዥ ስለሆነ፣ ዘመድ ስለሆነ ሁላችንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለናል። እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔም ይሄን ለመጻፍ ይሄን ሁሉ ዓመት ፈጅቻለሁ።

በሳምንቱ ለጓደኛዬ ደወልኩለት።

«ልጅህ አልጋ አላት?» አልኩት።

«አልጋማ አላት፤ ምን ማለትህ ነው?»

«መካነ ሰላም ያሉት ተከራዮችህስ?»

ትንሽ ዝም አለ። ያልገባው መሰለኝ።

«የምን አልጋ? ሰሌናቸውን ይዘው አይደል እንዴ የሚመጡት?» አለኝ። ቀጥሎም ሳቅ እያለ፣ «እኛስ የት ነበር የምንተኛው? አብሽር ባክህ!»